አስራ ሁለተኛ ክፍል የተቀመጥኩበት ጠዋት

ባለፈው ማክሰኞ ድንች ልገዛ ከፈላና በር ወደ ኤረር በር በባጃጅ እሄድ ነበር። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቷል። ሬዲዮው የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መለቀቁን፣ ዘንድሮም አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች መኖራቸውን ያወራል። ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው፣

«አንድም? አንድ እንኳ?» አሉ።

«አባባ፣ እኔም ከነዚያ ከአንዱ የወጣሁ ነኝ» አላቸው ሾፌሩ። «መንጃ ፈቃዱን ግን በመጀመሪያው ነው ያለፍኩት፤ አይስጉ።»

አዛውንቱ ሳቁ። «አልሃምዱሊላህ በል እንግዲህ» አሉት። እኔም ፈገግ ያልኩ ይመስለኛል። ኤረር በር ወርጄ ድንቹን መምረጥ ጀመርኩ። አረንጓዴ ያለበት እንዳይሆን፣ ዶማ የነካው እንዳይሆን እያገላበጥኩ በጣም ስለቆየሁ ሻጯ «እህቴ፣ ድንች ነው እኮ፤ አማች አይደለም የምትመርጪው» አለችኝ። ዜናው ምንም አላደረገኝም። ሰው እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ሆዱ ይባባል ይባላል። የእኔ አልባባም። ግን ድንቹን ተሸክሜ የተመለስኩት በእግሬ ነው፤ ባጃጅ ሞልቶ ሳለ ለምን በእግሬ እንደመጣሁ አላውቅም። መንገዱን ሙሉ አንድ ጠዋት ሳስብ ነበር።

ያኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከአክስቴ ከእትዬ ደስታ ጋር ሆነን ከከተማ ወጣ ባለ አንድ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመምህራን ክበብ እንሠራ ነበር። ክበብ ይባል እንጂ ሦስት አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት ምድጃና የሚያፈስ ቆርቆሮ ነው። በየጠዋቱ ከኤረር በር ወደ ድሬ ጠያራ በሚወስደው መንገድ በሚኒባስ እንሄድና ወርደን ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር እንገባለን። በግራ ጫት ነው፣ በቀኝ ማሽላ። በክረምት ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ በበጋ አቧራው ቀሚስ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል። ኅዳር ሲገባ ማሽላው ይደርሳል። ያኔ ከየማሳው ማማ ላይ ወፍ የሚያባርሩ ልጆች ድምፅ ይሰማል፤ ማን እንደሆነ በድምፁ ብቻ ይታወቃል። መንገዱ ላይ የታኘከ ጥንቅሽ ገለባ ይነጠፋል፤ ስንረግጠው ጫማችን ሥር ይጣበቃል።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ነው ያቆምኩት። ወድቄ አይደለም። ዘጠነኛ የምገባበት ዓመት እናቴ ታመመች፤ ቤት የሚውል ሰው ተፈለገ፤ እኔ ቀረሁ። እናቴ ከዳነች በኋላም አልተመለስኩም። ማንም አላስገደደኝም። አስተማሪ ስሜን ሲጠራ አፌ ይደርቅ ነበር፤ መልሱን እያወቅኩት ቆሜ እቀራለሁ፤ ልጆቹ ይስቃሉ፤ አስተማሪው «እሺ ተቀመጪ» ይለኛል። ይህን ሁሉ ከመስማት ሽንኩርት መክተፍ ቀለለኝ።

ክበብ ውስጥ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ሰው የሚፈልገው ይታወቃል። አንዱ ሻይ ያለ ስኳር፣ አንዱ ሰምቡሳ ከሚጥሚጣ ጋር፣ አብዛኞቹ ሆጃ ነው። ሆጃ የቡና ገለባ ከወተት ጋር ፈልቶ ጨው ጠብ የሚደረግበት የእኛ አገር መጠጥ ነው። ለእያንዳንዱ መምህር ጨውን ምን ያህል እንደማደርግ አውቅ ነበር። ለሒሳቡ መምህር ለታምራት ትንሽ ነው የማደርገው። ጥሩ ሰው ነበር። ሲጠጣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይይዛል። ትምህርት ከተጀመረ ወር ሳይሞላ አንድ ዓርብ «እናቴን ጠይቄ እመጣለሁ» ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም። ሌላ ሥራ አገኘ ተባለ። ቦርሳውን እንኳ አልወሰደም፤ እኛ ክበብ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ከረመ።

ከተማሪዎቹ አንዷ ኑሪያ ናት። ጫትና ማሽላ የሚያርሱት የኦቦ ሙሜ ሁለተኛ ልጅ ነች። እኩያዬ ናት፤ በቁመትም በውፍረትም አንድ ዓይነት ነን። ክበቡ ለመምህራን ቢሆንም አክስቴ እሷን አይከለክሏትም ነበር። በእረፍት ሰዓት ትመጣና የዱቄት ጆንያው ላይ ተቀምጣ ሒሳብ ትሠራለች። ሌላው ልጅ ሒሳብ ሲያይ ፊቱን እንደሚያጨማድድ አይደለችም፤ እሷ ጥያቄ ስታገኝ ቁርጥ ሥጋ እንደቀረበለት ሰው ትስተካከላለች። እኔን ማናገር የጀመረችው እኔ ስለማልመልስ ይመስለኛል።

«ሂዊ፣ አንቺ ጥሩ ነሽ» ትለኛለች። «ሰው ሲሰማኝ እኔም ይገባኛል።»

ታምራት ከሄደ በኋላ ግን እርሳሷ ይቆም ጀመር። መጽሐፉ ላይ ምሳሌውን ትከተላለች፤ አንድ መስመር ላይ ስትደርስ ትቆማለች። ገጹን ወደ ኋላ ትገልጣለች፤ ወደ ፊት ትገልጣለች። «ከዚህ ወደዚህ እንዴት መጣ?» ትላለች። የምትጠይቀው እኔን ነው፤ እኔ ደግሞ ዘይቱን አያለሁ።

አባቷ ኦቦ ሙሜ ክፉ ሰው አይደሉም። ቃላቸው አንድ ነው። «ፈተናውን ካለፍሽ ዩኒቨርሲቲ ትገቢያለሽ፤ እኔ ራሴ አደርስሻለሁ። ካላለፍሽ ግን የጠየቀሽ ሰው አለ፤ ቤተሰቡ የሚታወቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለሽ መጽሐፍ አታይም» ብለዋታል። ኑሪያ ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። እንደ አየር ሁኔታ ወሬ ነው የነገረችኝ።

አሁን የማወራው ነገር በእኛ በኩል ነውር አይደለም፤ ለሌላው ሰው ግን ላስረዳ። ለሠርግ ከጎረቤት ወንበርና ትሪ እንደምንዋሰው፣ እዚያ አካባቢ ያሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪ ይዋዋሱ ነበር። ማሽላ በሚታጨድበት፣ ጫት በሚለቀምበት ሰሞን ክፍል ባዶ ይሆናል። አስራ ሁለተኛ ክፍል በመዝገብ ሃያ ስድስት ተማሪ አለው፤ ኅዳር ላይ የሚመጣው ዘጠኝ አይሞላም። ተቆጣጣሪ ይመጣል ሲባል ከአጥሩ ማዶ ካለው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቁመታቸው ረዘም ያለ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ይመጡና አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። አንደኛ ደረጃውም የእሱ ቀን ሲደርስ ከእኛ ይወስዳል። ይህን «ማሟያ» ይሉታል። ወላጆችም ያውቃሉ። ማንም እንደ ውሸት አይቆጥረውም ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደማሟላት ነው።

በዚያ ዓመት ግን ማሟያው ከልብ ነበር። ተማሪው ካነሰ ክፍሉ ይዘጋና የቀሩት ወደ ከተማ ይመደባሉ የሚል ወሬ ተሰማ። ወደ ከተማ ቢመደቡ ወንዶቹ ይሄዱ ይሆናል። ሴቶቹን የሚልክ አባት የለም፤ ኦቦ ሙሜም አይልኩም።

ተቆጣጣሪዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀረው ኑሪያ ፌስታል ይዛ ክበብ ገባች። ፌስታሉ ውስጥ ሁለተኛው ዩኒፎርሟ ነው።

«ሂዊ፣ ነገ አስራ ሁለተኛ ትገቢያለሽ።»

«እኔ?»

«አንቺ። ቲቸር ከድር ሴት አንሷል ብሏል። ልካችን አንድ ነው።»

ቲቸር ከድር ዳይሬክተሩ ናቸው።

«አልችልም» አልኳት። «ቢጠይቁኝስ?»

«ማን ይጠይቅሻል? መቀመጥ ነው። ስምንተኛ ድረስ ተቀምጠሽ የለም? አግዳሚው ያው አግዳሚ ነው።»

አክስቴ ከሊጡ ቀና አሉ። «አስራ ሁለተኛ መግባት እንዲህ ቀላል ከሆነ እኔስ ምን አጠፋሁ?»

«እርስዎማ እትዬ፣ ዳይሬክተር ነው የምናደርግዎ።»

«እሱስ ይሻላል። ይኼ ልጅ አንድ ቀን በጊዜ ደሞዝ ከፍሎ አያውቅም ይሉታል መምህራኑ» አሉና ወደ ሊጣቸው ተመለሱ።

ኑሪያ ወደ እኔ ተጠጋች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ስሚ። ክፍሉን ሞልቶ ያዩታል። ከዚያ እጄን አወጣለሁ። ሒሳብ አስተማሪ የለንም እላለሁ። ባዶ ክፍል ላይ ብናገር ክፍሉን ይዘጉታል። ሙሉ ክፍል ላይ ብናገር አስተማሪ ይልካሉ። ገባሽ?»

«ቲቸር ከድር አይቆጡም?»

«ይቆጣል። አስተማሪ አልጎደለኝም ብሎ ጽፏል እኮ። ተቆጥቶ ሲያበቃ ግን አስተማሪው መጥቷል። ወላሂ፣ አስቤበታለሁ።»

ገብቶኝ ነበር። ይህን መጻፍ ያለብኝ ይመስለኛል። አልገባኝም ነበር ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን ገብቶኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ዩኒፎርሙን ክበቡ ጓዳ ውስጥ ለበስኩ። ሰማያዊ ሸሚዝ ነው፤ ብብቱ ጋ ሌላ ሰማያዊ ክር የተሰፋበት። እዚያ ክፍል ያሉት ሴቶች ሁሉ ሙስሊሞች ስለሆኑ ኑሪያ ሻርፕ አስራልኝ ማተቤን ወደ ኮሌታዬ ውስጥ ገፋችው። አክስቴ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና «ያምርብሻል» አሉ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። ኑሪያ ከጎኔ ናት። አግዳሚው ላይ ስም ተፈልፍሎበታል። የኖራ አቧራ፣ የላብና የተቃጠለ ማሽላ ሽታ አለ፤ አንዱ ልጅ ከእሳት ላይ እሸት እየበላ መጥቶ ይሆናል። በመስኮቱ ክበቡ ይታየኛል። በየቀኑ ከዚያ ሆኜ ነው ይህን መስኮት የማየው። አሁን ከዚህ ሆኜ ክበቡን ሳየው በጣም ትንሽ ነበር። የእንግሊዝኛ መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ እኔም ጻፍኩ። እጄ ጥሩ ነው፤ ከድሮም የእጅ ጽሑፌ ይመሰገናል። ለጥቂት ደቂቃ ማንም ምንም አልጠየቀኝም። ለጥቂት ደቂቃ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ደስ ብሎኝ እንደሆነ አላስታውስም። ብቻ መስመሩን ሳልለቅ ጻፍኩ።

ተቆጣጣሪዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንድ ፋይል የያዙ ሰውዬና መነጽር ያደረጉ ሴት። የሴትየዋ ጫማ በአቧራ ነጭ ሆኗል። ቲቸር ከድር ከኋላቸው ገቡና በሩ አጠገብ ቆሙ። ተነሥተን ቆምን፤ ተቀመጡ ተባልን። ሰውዬው በዓይናቸው ቆጠሩ። «ማለፊያ ነው፤ በዚህ ወቅት ይህን ያህል አላየንም» አሉ። ቲቸር ከድር አንገታቸውን ደፋ አደረጉ።

ሴትየዋ በወንበሮቹ መካከል እየሄዱ፣ እጃቸው ላይ ካለው ወረቀት እያነበቡ ይጠይቁ ጀመር። ከፊት ያለውን ልጅ መጽሐፍ ለስንት እንደሚጠቀሙ ጠየቁት። «ለሁለት አንድ» አለ። ሁለተኛውን ቤተ ሙከራ ገብቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። ከአንደኛ ደረጃ የመጣ ማሟያ ነበር። «ቁልፉ ጠፍቶ ነው» አለ። እውነትም ቁልፉ ጠፍቶ ነበር፤ ከየት እንደሰማ እንጃ። ጥቂት ልጆች ሳቁ። ሴትየዋም ፈገግ አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ፣ በመስኮት በኩል ያለሽው። ሒሳብ ማን ያስተምራችኋል?»

ቆምኩ። ኑሪያ ጉልበቷ ጉልበቴን ነክቶ ነበር፤ ስቆም ተላቀቀ። አፌ እንደ ድሮው ይደርቃል ብዬ ጠበቅኩ። አልደረቀም። «የለም» ብል ምን እንደሚከተል ታየኝ። ከመቼ ጀምሮ ይሉኛል። እስከ የት ደርሳችሁ ነበር ይሉኛል። ስምሽ ማነው ብለው መዝገብ ያያሉ። በሩ ላይ ቲቸር ከድር ቆመዋል። እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቀመጥ። ቶሎ የሚያስቀምጠኝን መልስ ሰጠሁ።

«ቲቸር ታምራት» አልኩ።

«በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ?»

«አምስት።»

በሳምንት አምስት ቀን ሆጃ ይጠጣ ስለነበር ነው አምስት ያልኩት።

«ጥሩ ያስተምራል?»

«አዎ።»

«ጎበዝ፤ ተቀመጪ» አሉና ጻፉ።

በሕይወቴ ክፍል ውስጥ ተጠይቄ ሳልንተባተብ የመለስኩት ያን ቀን ነው። ስቀመጥ የኑሪያን እጅ አየሁት። ከጠረጴዛው ላይ ተነሥቶ ትከሻዋ አጠገብ ደርሶ ነበር። ለአፍታ እዚያው ቆየ። እሷ አሁን የለም ብትል ሴትየዋ ወደ እኔ ይመለሳሉ፤ ታዲያ ለምን አለ አልሽ ይሉኛል፤ ስሜን ከመዝገብ ይፈልጋሉ፤ አያገኙትም። ከእኔ ቀጥሎ ሌሎቹን ማሟያዎች ይፈልጋሉ። ክፍሉ ይዘጋል። እሷ ከእኔ ፈጥና ነው ይህን ያየችው። እጇ ወደ ሻርፗ ሄደ፤ ሻርፗን አስተካከለችና ወረደ።

ከእረፍት በኋላ ውኃ ቧንቧው አጠገብ አገኘኋት። ፊቷን ትታጠባለች።

«ለምን?» አለችኝ።

«እንጃ።»

ውኃውን ዘጋችው። «ይኼንኑ እንጃ እዚያ ብትያቸው በቃን ነበር እኮ» አለችኝ።

ፊቷን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ ወደ ክፍል ተመለሰች። ከሳምንት በኋላ ዩኒፎርሙን አጥቤ፣ በከሰል ካውያ ተኩሼ መለስኩላት። «አንቺ ጋ ይቆይ፤ ጎበዝ ተማሪ ነሽ» አለችና ሳቅ ሳትል ተቀበለችኝ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለትምህርት ቤቱ የምስጋና ደብዳቤ መጣ። ቲቸር ከድር ለመምህራኑ ሰምቡሳ አዘዙ፤ እኔ ጠበስኩ። ኑሪያና ሌሎች ሦስት ልጆች ቢሯቸው ሄደው አስተማሪ ይጠየቅልን አሏቸው። «ከተማሪዎቼ አፍ ተጠይቆ አለ ተብሎ የተጻፈውን፣ እኔ አሁን የለም ብዬ ልጻፍ?» አሏቸው። ነገሩ እዚያ አለቀ። የፊዚክስ መምህሩ አልፎ አልፎ እየገባ የሚችለውን ያሳያቸው ነበር። የማይችለው ላይ ሲደርስ «ይኼን ራሳችሁ አንብቡ» ይላቸዋል።

ኑሪያ ክበብ መምጣቷን አላቆመችም። የወንድሟን ስልክ ይዛ፣ ኔትወርክ የሚገኝበት የማንጎው ዛፍ ሥር ሄዳ ትምህርት ታወርድና ተመልሳ ጆንያው ላይ ትቀመጣለች። ቪዲዮው ላይ የሚያስተምረው ሰው በጣም ይፈጥናል። መልሳ ትከፍተዋለች፤ ይፈጥናል። ሆጃዋን ከመምህራኑ አስቀድሜ እቀዳላት ነበር። ይህን ያደረግኩት ስለበደልኳት ነው፤ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንዳችንም አላነሣነውም። አንዳንድ ቀን የታምራትን ቦርሳ ቀና ብላ ታየዋለች። አንድ ቀን አወረደችውና ከፈተችው። ሁለት ቾክና አንድ ካልሲ ነበር። መልሳ ሰቀለችው።

ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው የሚሰጠው፤ ልጆቹን በአውቶቡስ ወሰዷቸው። ወላጆች ብርድ ልብስና በሶ ይዘው መጡ። ኦቦ ሙሜ አውቶቡሱ መስኮት ድረስ መጥተው «አላህ ይርዳሽ፤ ተረጋጊ» አሏት፤ ያሳዝኑ ነበር። ስትመለስ ስለ ተደራራቢው አልጋ ነገረችን፤ ከላይ የተኛችው ልጅ ሌሊት ትወድቅብኛለች ብላ ስትሰጋ እንደነበር። ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ነገረችን፤ ከውጭ ነው ያየችው።

«ሒሳቡስ?» አሏት አክስቴ።

«የሒሳቡ ቀን ቁርሱ ጥሩ ነበር» አለች።

ከትምህርት ቤቱ አንድም ተማሪ አላለፈም። ኑሪያ በቀረው ሁሉ ደህና አምጥታለች፤ እንዳታልፍ ያደረጋት ሒሳቡ ነው። ለማለፍ ስድስት ነጥብ ጎደላት። ይህን የሰማሁት ከራሷ ነው። በቅዳሜ ገበያ ቀን ኤረር በር ወጥታ ነበርና ከዚያ በእግሯ ቤታችን ድረስ መጣች። አክስቴ ምሳ አቀረቡላት። በላች፤ ተጨመረላት፤ በላች። እኔ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ይቅርታ ማለት ያለብኝ ያን ጊዜ ነበር። ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። አንድ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ እንባ ወይም ፍርሃት። የመጣ ነገር የለም። እጄ ሲደነዝዝ የማውቀው ስሜት ነው፤ እጁ አለ፤ ግን የሌላ ሰው ይመስላል።

«ሒሳብ ማን አስተማረሽ ብለው አልጠየቁኝም» አለችኝ እጇን እየታጠበች። «ቢጠይቁኝ የምጠራው ያንቺን ስም ነበር።»

አክስቴ ሳቁ። ነገሩን አያውቁትም። ኑሪያም ሳቀች። እኔም ሳቅኩ።

ማሽላው እንደገባ ተዳረች። አክስቴና እኔ ሰምቡሳ ልንጠብስ ተጠርተን ሄድን። ባሏ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ጫት ይነግዳል። ሙሽራዋ በሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ሳለ ዞር ብላ አየችኝና በዓይኗ ትሪውን አሳየችኝ፤ እዚያ ጥግ ላይ ያሉት አሮጊቶች ገና አልደረሳቸውም ማለቷ ነው። ወስጄ ሰጠኋቸው። በዚያው ዓመት ክበቡን ተውነው። አክስቴን እግራቸውን አመማቸው፤ ያን መንገድ መሄድ አልቻሉም። እኔ አሁን ፈላና በር አካባቢ ሰምቡሳ ጠብሼ እሸጣለሁ፤ ድንችም የምገዛው ለዚያ ነው።

ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ። ሌላ ልጅ ቢጠይቁ ኖሮ እላለሁ። በመስኮቱ በኩል ባልቀመጥ ኖሮ እላለሁ። አስተማሪ ቢላክስ ስድስቱ ነጥብ ይሞላ ነበር ወይ ብዬ አስባለሁ፤ ይሞላ ነበር ብዬ ራሴን እቀጣለሁ፤ አይሞላም ብዬ ራሴን አሳርፋለሁ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዤ ማደር ብችል ይቀለኝ ነበር።

ማክሰኞ ማታ፣ ድንቹ ተልጦ አልቆ እራት ሳቀርብ ስልክ ተደወለ። ኑሪያ ናት። ከኋላዋ ልጇ ያለቅሳል።

«ሰማሽ?» አለችኝ።

«ሰማሁ።»

«የኛዎቹም አንድ አላለፈም። ዘንድሮም።»

«አንድም?»

«አንድም።» ልጁን እሹሩሩ ስትለው ቆየች። ከዚያ «ሒሳብ አስተማሪ ነበራቸው እኮ ዘንድሮ» አለችኝ። «ዓመቱን ሙሉ። አንድ ቀን አልቀረም አሉ።»

ለምን እንደነገረችኝ አላውቅም። ልታሳርፈኝ ይሆናል። ወይም እንዲሁ ወሬ ነው። ምን ልበላት? እፎይ ማለት የነበረብኝ ይመስለኛል፤ አላልኩም። ለራሷስ ምን ማለት እንደሆነ፣ ያን እጅ አውጥታ ብትናገርም ኖሮ ያው ነበር ማለት እንደሆነ፣ ታውቅ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ታውቃለች። እሷ ሁልጊዜ ከእኔ ፈጥና ነው የምታየው።

«እንጃ» አልኳት።

«እኔም እንጃ» አለችኝ። ስልኩን ግን አልዘጋችውም። እኔም አልዘጋሁትም። ልጁ ዝም እስኪል ድረስ ሁለታችንም እንደያዝነው ቆየን።